አሳላፊው ሳይቀምስ

በምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተውኔት ለመገምገም ሥልጣን የለኝም፤ የባቡር ቀን ሲሳሳት ግን ዝም ማለት አልችልም። ልጄ ባለፈው ሳምንት ለአንድ የ«ግድያ እራት»፣ ማለትም እንግዳው እራቱን እየበላ ገዳዩን ራሱ ለሚፈልግበት ተውኔት፣ ሦስት ትኬት ገዝታ እኔን፣ ባለቤቴንና የሰባ ስምንት ዓመቷን አማቴን ላከችን። ቤቱ ከአራት ኪሎ ወርደው፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረው ወደ ፒያሳ ሲወጡ የሚገኝ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ፎቅ ነው። አብዛኛው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ባለ ቤት መቀመጥ ብቻውን የትኬቱን ግማሽ ዋጋ ያወጣል። ትኬቱ ለአንድ ሰው 1,800 ብር ነው። እራቱና አንድ ብርሌ ጠጅ ከዚያው ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ብርሌ ለብቻው ይከፈላል፤ የሚጠራው ደግሞ ያ ሁለተኛው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት ዓመት። አንድ ሀብታም የሰም ነጋዴ በገዛ ድግሱ ላይ ጠጁን ተጎንጭቶ ይወድቃል። ተዋናዩ ሲወድቅ መሶቡን ይዞ ስለ ወደቀ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች የምር ደነገጡ። ዘመናዊ ፖሊስ ገና አልመጣም፤ ያለው የአራዳ ዘበኛ ነው፤ እሱም ከሁሉ በፊት ሰክሯል። ስለዚህ ገዳዩን የማውጣቱ ሥራ ለእራት የመጣው እንግዳ ይሆናል። በእኛ ገበታ ከቤተሰቤ ሌላ አንዲት የጥርስ ሐኪምና ገና የተዋወቁ የሚመስሉ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚህ ስብስብ እንኳን ገዳይ የጠፋ ጫማም የሚያገኝ አይመስልም ነበር።

የምሽቱ ጥሩ ነገር የምርመራው ዘዴ ከአገራችን መወሰዱ ነው። ማንም አጉሊ መነጽር ይዞ አይንጎራደድም። ዳኛው በሩን ቆለፈና አፈርሳታ አወጀ። ድሮ ጥፋተኛው ያልታወቀ በደል ሲደርስ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ገዳዩ ወይም ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ያየውን በአደባባይ ለመናገር የፈራ ሰው ለሽማግሎች በምስጢር ይነግራል፤ ሽማግሎቹም «ወፍ» ነገረችን ይላሉ። እዚህም ለየገበታው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ ወፍ የሆነው ሰው በድብቅ ጽፎ ለዳኛው ይልካል። ወጣቶቹ ገና እርሳስ ሲፈልጉ አማቴ ወረቀቷን አጥፈው ልከው ነበር። ሃያ ዓመት እድር የመሩ ሰው ወፍነት አዲስ አይሆንባቸውም።

ሌባሻዩ ግን አልተሳካም። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ መጥቶ በአማቴ እግር ሥር ተኛ፤ በጥንቱ ሥርዓት ልጁ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አማቴም «ተነሥ ልጄ፣ ወለሉ ይበርድሃል» ብለው ጨዋታውን አፈረሱት።

አሁን ወደ ባቡሩ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ የሟቹ ሸሪክ ነው። «እኔ ድግሱ ሲዘጋጅ አልነበርሁም፤ ዛሬ ጠዋት ነው ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ የገባሁት» አለ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በ1900 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ነው ያለው፤ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ባልተዘረጋ ሐዲድ መጣሁ ይላል! «ዋሽቷልና ገዳዩ እሱ ነው» አልሁ። ተዋናዩ ወደ ዳኛው አየ፣ ዳኛው ወደ ጽሑፉ አየ። በኋላ እንደ ገባኝ የደራሲው ስሕተት እንጂ የሰውየው ውሸት አልነበረም።

ወፏ ግን ሌላ ሰው ጠቁማ ኖሯል። የአማቴ ወረቀት ሲነበብ «አሳላፊው ነው፤ ሳይቀምስ ሰጠ» ይላል። ሁለት ከሳሾች ስለ ተገኘን ዳኛው በቁራኛ አሰረን፤ የእኔን ጋቢና የአማቴን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጠረ። ከአማት ጋር በአንድ ገበታ ለመብላት የሚያፍር ሰው በአንድ ቋጠሮ ታስሮ ዶሮ ወጥ መጣለት። ከንግግሬ በፊት «በላ ልበልሃ» እንድል ታዘዝሁ፤ ይህ ለአማት እንዴት ይባላል? «በሉ ልበልዎ» አልሁ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንቁላሉን በፈቃዴ ለእሳቸው ተውሁ፤ ወደ ራሴ ስጎርስ ግን የእሳቸው እጅ አብሮ ይነሣል።

የአማቴ ክርክር አጭር ነበር። አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ ከዚያው ከሚሰጠው ብርሌ ወደ ግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ይህ ልጅ ለሌሎቹ ሁሉ ቀመሰ፤ ለሟቹ ሲደርስ አልቀመሰም። እኔ ሐዲድ ስቆጥር እሳቸው እጅ ሲያዩ ነበር።

ፍርዱ ሲነበብ ገዳዩ ሸሪኩ ሆነ፤ መርዙን ብርሌው ውስጥ ቀድሞ ቀብቶታል ተባለ። እንደ ጥንቱ ችሎት ውርርዱ ማር ነበርና አንድ ጠርሙስ ማር ተሰጠኝ። በደራሲው ስሕተት ተነሥቼ ትክክለኛውን ሰው ያዝሁ ማለት ነው፤ ሒሳብ ክፍል እንዲህ ያለው ገቢ አይመዘገብም። አማቴ አልተቀበሉም። «መርዙ ብርሌው ውስጥ ከነበረ የቀመሰው ልጅ እንዴት ቆሞ ያሳልፋል? ካልቀመሰ ደግሞ ለምን አልቀመሰም?» አዘጋጁ ወጣት አንገቱን አከከና ተዋናዩ ረስቶት ነው አለ። «ገዳይ ሁሉ ረሳሁ ነው የሚለው» አሉት።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ደረጃው ቁልቁለት ነው፣ መደገፊያም የለውም፤ አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ይድረስ። የድምፅ ማጉያው ለዚያች ክፍል ይበዛል። ጠጁ ጌሾ የሸሸው፣ ለብርዝ የቀረበ ነው። ዶሮው ግን በወጉ የተቁላላ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሸሪኩን በበቅሎ ቢያመጡት ከእኔ በኩል ክስ የለም።

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈርን። አማቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ጮክ ብለው «ገዳዩን ለቀቁት እኮ! ዓይኔ እያየ፣ ጠጁን የሰጠውን ልጅ ለቀቁት!» አሉ። ታክሲው ውስጥ ወሬ ቆመ። ረዳቱም ሳንጠይቀው መልሳችንን ሰጠን።