በሶ በዶርም ሎከር፦ ለቁርስ የሚበቃ፣ ለምሳ የማይበቃ

የግቢ ተማሪ አመጋገብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከጠዋቱ ነው። 2 ሰዓት ላይ ክላስ ያለው ተማሪ የካፌውን ሰልፍ አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያ እስከ ምሳ በሻይና በብስኩት ይቆያል፣ ወይ ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ ገዝቶ ይበላል። ምድጃ በማይፈቀድበት ዶርም ይህን ክፍተት በመሙላት በሶን የሚያህል የለም። ግን በሶ ሁሉ አንድ አይደለም።

ጥሩ በሶ ገብሱ ተፈትጎ ገለባው የወጣለት፣ እኩል የተቆላና ደቅቆ የተፈጨ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ቁንጥር አድርጋችሁ ቅመሱት። ከመረረ አሯል። ጥሬ ጥሬ ካለ ወይ በደንብ አልተቆላም ወይ ሌላ ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ጥርስ ስር ከተንቀጫቀጨ አሸዋ አለበት፤ ጉሮሮ ከቧጠጠ ገለባው አልወጣም። የታሸገ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ ስኳር የተቀላቀለበትን ተዉት፣ ለስኳር በበሶ ዋጋ መክፈል ነው። ከቤት የሚላክላችሁ ካለ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

አበጣበጡ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ታች ተጣብቆ ይጓጉላል፤ ጉብ ያለውን ብትሰብሩት መሃሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ከዚያ እንደ ሾጣጣ በተጠቀለለ ወረቀት 4 ሞላ ያሉ የሾርባ ማንኪያ በሶ (60 ግራም ገደማ)፣ ትንሽ ጨው፤ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ግማሽ ደቂቃ በኃይል መናጥ። ሲቆይ እየወፈረ ስለሚሄድ ወዲያው ጠጡት። ጭብጦ የሚወድ ውሃውን በማንኪያ ጠብ እያደረገ ይለውስ፤ አንዴ ከበዛበት ሌላ በሶ ካልጨመረ አይመለስለትም። ደረቁን መቃም ግን ይቅር፤ ዱቄቱ ትንታ ያስይዛል።

በሶ እሳት የሚያየው ገብሱ ሲቆላ ብቻ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ አይበስልም። ስለዚህ የውሃው ንጽሕና ከበሶው ጥራት እኩል ያሳስባል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ታይፎይድና ተቅማጥ ከክላስ ያስቀራሉ።

ምግብነቱስ? 60 ግራም በሶ 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማና 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ቤታ ግሉካን የሚባለው የገብስ አሰር (ፋይበር) ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ስለሚያደርግ ከብስኩት ይልቅ ሆድ ይይዛል። የገብስ ፕሮቲን ግን ላይሲን የሚባለው ሰውነት ከምግብ የሚያገኘው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል። አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ወይም ለውዝ ከጎኑ ያዙ፤ ጉድለቱን በተለይ ሽምብራው ይሞላዋል። ቫይታሚን ሲ የለውም፣ ቢ 12ም የለውም። በውስጡ ያለውን ብረት ፋይቴት የሚባል በእህል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ሎሚ መጭመቅ ወይም ብርቱካን መብላት ያግዛል። ሻይ ደግሞ ብረቱን ስለሚያስቀር ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። በተለይ ሴቶች ይህን ልብ በሉ፤ በወር አበባ የሚወጣውን ብረት የሚተካ ምግብ ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት፦ በተለይ ነን ካፌ የሆነ (ከግቢው ካፌ የማይመገብ) ተማሪ ወር መጨረሻ ገንዘብ ሲያጥረው ጠዋትም ማታም በሶ ይላል። በሶ ቁርስ ነው። ምሳ ሽሮ ወይም ምስር ከጎመን ጋር፣ ፍስክ ላይ እንቁላል ያስፈልጋል። በጾም ወቅት ወይም በረመዳን ለሱሁር ግን ወደር የለውም።

የጨጓራ መድኃኒት ነው የሚሉትን አትስሙ። ባዶ ሆድ መዋልን ያስቀራል፣ ያ ጥሩ ነው፤ ጨጓራን የሚያቆስለውን ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ግን አይገድልም፣ ሕመሙ ከቆየ ክሊኒክ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ሴሊያክ (ግሉተን የሚባለው የእህል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ያለበት ሰው ገብስ ግሉተን ስላለው ጭራሽ አይንካው። ለአሰር ያልለመደ ሆድ ደግሞ ይነፋል፤ በ2 ማንኪያ ጀምሩ።

አቀማመጡ ላይ ፌስታል አይሆንም፤ አይጥ ይበሳዋል፣ እርጥበት ይገባዋል፣ ነቀዝ ያፈራል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ይሁን፤ ማንኪያው ደረቅ ይሁን። ስኳር አስቀድማችሁ አትቀላቅሉ፣ እርጥበት ይስባል። ሻጋታ ሽታ ከመጣ ሙሉውን ጣሉት፤ ከላይ ገፎ መብላት አያዋጣም።

ሃይላንዱ እንደጠጣችሁ ይታጠብ። ታች የቀረው ቅሪት አድሮ ይኮመጥጣል፤ በጠባቡ አፍ ጨርቅ ስለማይገባ ጥቂት ጥሬ ሩዝና ውሃ ጨምራችሁ በኃይል ስትንጡት ይፋቃል።