ዘጠኝ ወር ከአዲሱ የቤንዚን ፓምፕ ጋር፦ አሮጌዋ ቪትዜና ደንገጎ

መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ በፈረንጅ 1999 ገበያ ላይ መውጣት ከጀመሩት ከመጀመሪያዎቹ ዓይነት። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሥራዬ በሳምንት ሁለት ቀን ሐረር ይወስደኛል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት በሳምንት ሁለቴ እወጣዋለሁ፣ ሁለቴ እወርደዋለሁ።

ግንቦት 2016፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ዳገቱ መሃል ጉልበት አጣች። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሷ ትንገጫገጫለች። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ከዚያ ጸጥ። ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ጎማ ሥር ድንጋይ ከትቼ ጥላ ፈለግኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን ሳዞር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቷት መጣና፣ "አቦ፣ ይቺ እኮ ጤነኛ ናት" አለኝ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እሷ የምትታመመው ፀሐዩ ሲበረታ ከሰዓት ነው። መካኒኬ ደግሞ ከሰዓት በርጫ ላይ ነው። ጠዋት ሐኪሙ አለ፣ በሽታው የለም። ከሰዓት በሽታው ይመጣል፣ ሐኪሙ የለም። በዚህ መሃል ካንዴላ ቀየርን፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርን፣ ኮይሉንም ጠረጠርን። ብሩ ሄደ፣ እሷም ደንገጎ ላይ መቆሟን አልተወችም።

አጎቴ ሐረር ውስጥ ለዓመታት ፔጆ 404 ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ቤንዚኑ ተኖብህ ነው፤ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልበት" አሉኝ። ለፔጆዋ ልክ ናቸው። የ404 ፓምፕ ሞተሩ ጎን ተለጥፎ አብሮ ይግላል፣ ጨርቁ ያበርደዋል። የኔዋ ፓምፕ ግን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው ያለው። ጨርቁን የት ልጣለው?

በመጨረሻ መካኒኩን ለምኜ፣ አንድ ቀን በርጫውን አስዘለልኩት። የግፊት መለኪያውን ከነዳጅ መስመሩ ጋር አገናኘው። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ 44 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) አነበብን። የዚህች ሞተር ልክ ከ44 እስከ 50 ስለሆነ፣ ለጥቂት አለፈች ማለት ነው። 8 ሰዓት ላይ፣ ከተማውን እየዞርን ካጋልናት በኋላ፣ እዚያው መርፌው ላይ አፍጥጠን ቆምን። 38። 30። 22 ላይ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ኤሌክትሪኩን ለማጣራት ሞተሪኖው እየዞረ የፓምፑ ሶኬት ላይ ሲለካው ደግሞ ቮልቱ አለ። ኤሌክትሪኩ ይደርሰዋል፣ ፓምፑ ግን ቤንዚኑን አይገፋም። ታንኩን ከሥር በጎማ መዶሻ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሳ። ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው የፓምፑ ሞተር ካርቦን አልቆ፣ ሲግል መንካት አቁሞ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ቁልፉን ከፍቶ ከኋላ "ዚዝ" የሚል ድምፅ ካልሰማ ፓምፑ ሞቷል ይላል። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን ፓምፑ ቁልፍ ስለተከፈተ ብቻ አይሠራም፤ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞርና ሞተሩ ሲሠራ ነው። ዝምታው ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ የገዛሁት ርካሹን ፓምፕ ነው፤ አልዋሻችሁም። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ተጽፏል፣ ዕቃው ግን ፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ በምላጭ መከርከም የነበረበት ትርፍ አለው። ያኔ ገብቶኝ መመለስ ነበረብኝ። ስድስት ሳምንት ሠራ። ሱቁ "ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ አይመለስም" አለኝ፣ ተጣልተን ወጣሁ። ሁለተኛውን፣ የጃፓኑን ኩባንያ የዴንሶን፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አጣርቶ ላከልኝ። ዋጋው የመጀመሪያው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ነሐሴ 2016 ላይ አስገባነው።

መግጠሙ ራሱ ረጅም ታሪክ የለውም። ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን ነው የሠራነው። የኋላው ወንበር ይነሳል፣ ክዳኑ ይከፈታል። ሞተሩ እየሠራ የፓምፑ ሶኬት ይነቀላል፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲያልቅ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል። ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ይህን ሥራ በማለዳ ሥሩት። በድሬ ሙቀት ቤንዚኑ ሲተን ታዩታላችሁ፣ ጎረቤት ጋራዥ ደግሞ ሲጋራ የሚያጨስ አይጠፋም። እኛ የሠራነው ስህተት የድሮውን ጎማ ማሸጊያ መልሰን መጠቀማችን ነው። ሳምንት ሙሉ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ሸተተን፣ ባለቤቴም አልሳፈርም አለች። በአዲስ ማሸጊያ ቆመ።

የመጀመሪያውን፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን ፓምፕ ከፍተን አየነው። ካርቦኖቹ የጥፍር ቁራጭ አክለዋል። ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ቡና አተላ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ሰልፍ ሲረዝምብኝ በጄሪካን የገዛሁት ቤንዚን ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የባሰው ግን የኔው ልማድ ነው። ሁልጊዜ ሪዘርቭ ላይ ነበር የምነዳት። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የከበበው ቤንዚን ነው፤ ታንኩ ባዶ ሲሆን ደንገጎን መውጣት ማለት ደረቅ ድስት እሳት ላይ መጣድ ነው።

ይህን የምጽፈው ግንቦት 2017 ላይ ነው። ዘጠኝ ወር ሆኖታል፣ ወደ 11,000 ኪሎ ሜትርም ሄዷል። ሙቀቱ ዞሮ መምጣቱን ስጠብቅ ስለነበር ነው እስካሁን ያልጻፍኩት። ባለፈው ሳምንት በዚያው 8 ሰዓት ላይ፣ አራት ሰው ጭኜ፣ ኤሲ ከፍቼ ደንገጎን ወጣሁ። እስከ ሐረማያ ድረስ አንዴም አላንገራገረችም። አውቄ ያኔ የቆምኩባት ጥላ ጋ ስደርስ ጨመር አደረግኩ። ጠዋት አንድ ዙር ሞተሪኖ ይበቃታል። የነዳጅ ፍጆታዋ አልተለወጠም፤ ይቀንሳል ያለኝ ሰው ነበር፣ አትመኑት። ግፊቱን ባለፈው ወር በሙቀት አስለክቼው 47 ነበር።

አዲሱን ፓምፕ የማልወድለት ታንኩ ሲጎድል የሚያሰማትን ቀጭን ፉጨት ነው። እኔ አሁን ከሩብ በታች ስለማላወርዳት ብዙም አልሰማትም። ሌላው፣ ስንገጥም የነዳጁን መጠን የሚለካው የተንሳፋፊው ክንድ ሳይታጠፍ አልቀረም፤ የነዳጁ ጌጅ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው። ሞልቼ እንኳ ሙሉ አይልም። ለመካኒኩ ደውዬለት ነበር። "አቦ፣ ጠዋት ና" አለኝ።