ከሻርጃ የመጣው የዘይት ቱቦ፦ ስለ አንድ የአውሮፕላን መለዋወጫ አቅራቢ

ካራቫን አውሮፕላን ላይ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ሻርጃ ካለው ከዚህ አቅራቢ የገዛሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያንኑ ዕቃ ከሌላ ቦታ አዝዤ ተንገብግቤ ስለነበር ልዩነቱን በደንብ አይቻለሁ።

አንድ ጠዋት ሞተሩን ከፍተን ስንፈትሽ የኦይል ኩለሩ (የዘይት ማቀዝቀዣው) ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ላብ የመሰለ ዘይት አየን። ጠብታ እንኳ አልሆነም። ኢንስፔክተራችን ጋሼ ነጭ ጨርቅ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ከመጋጠሚያው ሥር አሻሹና አሳዩኝ፤ ሻይ የነካው የሚመስል ቡናማ ቀለበት ታትሞበታል። ቁልፍ ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። “ተው ልጄ፣ ይሄ በማጥበቅ አይድንም። ይቀየራል” አሉ። አውሮፕላኑ በዚያው ቆመ።

ለአንድ ቱቦ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን የሚል ካለ፣ ካራቫን ያለው አንድ ሞተር ብቻ ነው። የሞተሩ (ፒቲ6ኤ-114ኤ ይባላል) ጠቅላላ ዘይት 14 ኳርት፣ 13 ሊትር ገደማ ነው፤ በበረራ ላይ ግፊቱ ከ85 እስከ 105 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) መሆን አለበት። በገቨርነሩ (በፕሮፔለሩ መቆጣጠሪያ) በኩል አልፎ የፕሮፔለሩን ምላጮች አንግል የሚቀይረውም ያው ዘይት ነው። ዘይቱ ካለቀ ምላጮቹ በስፕሪንግና በክብደት ተገፍተው ወደ ፌዘር፣ ማለትም ጠርዛቸው ወደ ነፋሱ ወደሚሆንበት አቅጣጫ፣ ይዞራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጎትት ነገር የለም። ተራራ ላይ እያለህ ማለት ነው።

የመጀመሪያው አቅራቢ ዋጋው ረከስ ስላለ ወደድነው። ቱቦው ሲመጣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት ናቸው፣ ክዳን የላቸውም። ውስጡን በባትሪ ሳበራበት አቧራ አየሁ። ሰርቲፊኬቱ ደግሞ የኮፒ ኮፒ ነው፤ ፊርማው ደብዝዟል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ቱቦው ላይ የታሰረው መለያ አይመሳሰሉም። ስደውልላቸው “ዕቃው ያው ነው፣ አትጨነቅ” አሉኝ። መለስኩት። እውነት ለመናገር ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት፤ አብራሪው ሰው ነው፣ የሚሳፈሩትም ሰዎች ናቸው።

አንድ የዘይት ሥርዓት ዕቃ እንከን እንዳለበት ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ አምራቹ ሰርቪስ ቡሌቲን (የቴክኒክ ማሳሰቢያ) ያወጣል። ጉዳዩ ለደህንነት የሚያሰጋ ከሆነ የሚመለከተው ባለሥልጣን ኤርዎርዚነስ ዳይሬክቲቭ (አስገዳጅ የደህንነት ትዕዛዝ) ያወጣበታል፤ ዕቃው የሞተሩ ከሆነ፣ ይህ ሞተር የካናዳ ስለሆነ ትራንስፖርት ካናዳ ማለት ነው። ያኔ ትዕዛዙን መፈጸም ግዴታ ነው፤ የትኛው ፓርት ነምበር (የዕቃው ዓይነት ቁጥር)፣ አንዳንዴም የትኞቹ ሲሪያል ነምበሮች (የእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር)፣ በስንት የበረራ ሰዓት ወይም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈተሽ ወይም እንደሚቀየር ይጻፋል። እኛ ዝርዝሩን ይዘን አውሮፕላኑ ላይ ያለውን እናመሳክራለን። እንግዲህ መለያው ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ እንከን ያለበትን ዕቃ ከጤነኛው በምን ልለየው ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 የሲኤፍኤም56 (የጄት አውሮፕላን) ሞተር ዕቃዎች በሐሰተኛ ሰነድ መሸጣቸው ተጋልጦ በብዙ አገር አየር መንገዶች ሞተር ሲያስወርዱ የሰማን ሁሉ ይህን ጥያቄ አንረሳውም።

ወደ ሻርጃው ልመለስ። ስልኩን ያነሳው አማርኛ የሚናገር ልጅ ነው። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት “ወንድሜ፣ የአውሮፕላኑ ሲሪያል ነምበር ስንት ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። እዚያ ላይ ነው ልቤ ያረፈው። ቆይቶ መልሶ ደውሎ፣ የያዝኩት ፓርት ነምበር በአዲስ መተካቱን ነገረኝ፤ ካታሎጉን ከፍቼ ሳየው እውነቱን ነው።

ዕቃው በአምስተኛው ቀን ገባ። ፕላስቲኩ እንደታሸገ፣ ጫፎቹ በክዳን እንደተዘጉ፣ የእሳት መከላከያ ልባሱ ምንም ጭረት ሳይኖረው። የ8130-3 ቅጹ (ዕቃው ለአውሮፕላን ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጠው ወረቀት) ኮፒ ሳይሆን ዋናው ነው፤ ፊርማውም ቁጥሩም ጥርት ብሎ ይነበባል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ሳጥን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ከዚያ ቱቦው ላይ ያለውን መለያ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉ። ገጠመ።

ቅር ያለኝም አለ። ዋጋው ከመጀመሪያው በሲሶ ያህል ይበልጣል። ደረሰኙ ላይ “ቱቦ” ብቻ ብለው ስለጻፉ ጉምሩክ የውሃ ቱቦ መስሏቸው ሁለት ቀን አስቆሙት። ለልጁ ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ በዚያው ሰዓት የተስተካከለ ደረሰኝ ላከ። የምታዙ ሰዎች ከመላኩ በፊት የደረሰኙን ረቂቅ አስልካችሁ እዩት።

ገጠምነው፣ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅነው፣ ቀለም ምልክት አደረግንበት፣ ሞተሩን አስነስተን ዘይቱ እስኪሞቅ ጠበቅን። ካጠፋን በኋላ ጋሼ እንደልማዳቸው ነጩን ጨርቅ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ከመጋጠሚያው ሥር አሻሹ። ምንም የለውም። ጨርቁን ለእኔ ሰጥተውኝ ሎግቡኩን (የጥገና መዝገቡን) ከፈቱ።