አገር ቤት ለማህፀን ምርመራ የምትሄዱ እህቶች፣ ዝርዝር ውጤት ሳትይዙ አትውጡ

ልጅ እምቢ ካለን ቆይቷል፤ የወር አበባዬም እየበዛ አቅም አሳጥቶኛል። ለእረፍት ስገባ በራሴ ቋንቋ የሚያስረዳኝ ሐኪም ናፍቄ ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ሐኪም አልትራሳውንዱን አየና «ማህፀንሽ በጣም ትልቅ ነው፣ ቢወጣ ይሻላል» አለኝ። ምን አሳበጠው ብል መልስ የለም። ልጅ ለምትፈልግ ሴት እንዲህ ይባላል? ውጤቱን በጽሑፍ ስጡኝ ስል ነገ ተባልኩ። ነገ ስሄድ የሚፈርመው ሐኪም አልገባም፣ ቀጥሎ ማተሚያው ተበላሽቷል፣ ከዚያ ደግሞ ካርዴ ጠፋ። የመመለሻዬ ቀን እየቀረበ እኔ ኮሪደር ላይ ተራ እጠብቃለሁ። የምኖርበት አገር ቢሆን በስልኬ ይደርሰኝ ነበር። በመጨረሻ የተሰጠኝ ወረቀት «ማህፀን አብጧል» ይላል፤ እጢ ይኑር አይኑር፣ መጠኑ፣ ያለበት ቦታ አንዱም አልተጻፈም።

ሌላ ሆስፒታል ያየኋቸው ሐኪም ግን እንደ አዲስ መረመሩኝ። በወረቀት ጀርባ የማህፀን ሥዕል ሥለው «ልጄ፣ ዋናው እጢው ያለበት ቦታ ነው» አሉኝ። ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢ ወደ ውጭ ካደገ እርግዝናን ብዙም አይከለክልም። ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ክፍል ከገባ ግን ጽንስ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፣ ውርጃም ሊያመጣ ይችላል። አዴኖማዮሲስ የሚባል፣ የማህፀኑ ግድግዳ ራሱ የሚወፍርበት ችግርም አለ፤ እሱን ለመለየት አንዳንዴ ኤምአርአይ የሚባል የምስል ምርመራ ይታዘዛል።

የእኔ ወደ ውስጥ የገባ ማዮማ ሆኖ ተገኘ። ሆድ ሳይከፈት፣ በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ ባለው መሣሪያ ተቆርጦ ይወጣል፤ ማህፀኔ አይወጣም። ማዮማ የሚያኮማትር የሆርሞን መርፌም አለ፤ ነገር ግን እንቁላል እንዳይለቀቅ ስለሚያደርግ በእሱ ላይ እያሉ አይረገዝም፣ ሲቆምም ማዮማው መልሶ ያድጋል። ካንሰር ይሆን ብዬ ስጨነቅ ማዮማ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ መሆኑን ነገሩኝ። ባለቤቴንም የዘር ምርመራ አዘዙለት። እስከዚያ ድረስ ማንም እሱን አስታውሶት አያውቅም!

እዚህም እዚያም ማህፀን ይውጣ የምትባሉ፣ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሐኪም ሳታዩ አትፈርሙ። እኔ የደም ማነሴ እስኪስተካከል አይረን ጀምሬያለሁ። ቀዶ ጥገናውን እኚሁ ሐኪም እንዲሠሩልኝ ብዬ ቲኬቴን አራዝሜዋለሁ።