እኔን «ባልሽስ?» ያለኝ የለም

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስመጣ የእርግዝናዬን ስድስተኛ ወር ይዤ ነበር። ሐኪሜ ቀጠሮ እንዳላሳልፍ አስጠንቅቃኝ ስለነበር አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አልትራሳውንዱ ጥርት ያለ ነው፣ ሐኪሙ ያዳምጣል፣ ሒሳቡም በዶላር ለመጣ ሰው አይከብድም።

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሌላው ቀን ነው። የእናቴ ጎረቤት ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ሆዷን በነጠላ ሸፍና አምስት ወር ከሞላት በኋላ ነው የታወቀባት። «እትዬ፣ ብቻዬን አልሄድም» ስትለኝ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰፈር ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ።

የእርግዝና ክትትልና ወሊድ እዚያ በነጻ ነው፤ ይህን የማያውቅ ዳያስፖራ ብዙ ነው። ካርድ ክፍል ስንደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ሳትል «ዕድሜ?» አለች።

«17።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ባልሽስ?»

ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ጸጥ አለ። እኔን ክሊኒኩ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ልጅቷ እጄን ጎተተችኝ፤ «በቃ እንሂድ።» ብቻዋን ብትሆን በዚያው ትቀር ነበር።

አዋላጅ ነርሷ ግን ሌላ ሰው ናት። መጀመሪያ እኔን በትህትና አስወጥታ በሩን ዘጋች (ደግ አደረገች)። ኋላ ስትጠራኝ ጥሩምባ በመሰለው ማዳመጫ የጽንሱን ልብ እየሰማች ነበር። የክንዷን ውፍረት ለካች፣ «ቀጭን ነሽ፣ ብዪ እንጂ» አለቻት። በዚህ ዕድሜ ያሰጋል ብላ የደም ግፊቷን ሁለቴ ለካች። ደም፣ ሽንት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ ተመረመረች፤ የቲታነስ ክትባት ወሰደች። የአይረን (የብረት) ክኒኑን ስትሰጣት «በሻይ እንዳትውጪው፣ ሰገራሽ ቢጠቁርም አትደንግጪ» አለቻት። አልትራሳውንዱ ተበላሽቷል ተብሎ ውጭ አሠራን።

«በአምስት ወሯም መምጣቷ ተመስገን ነው» አለችኝ ነርሷ፤ «የእሷን እኩዮች ብዙ ጊዜ የማያቸው ምጥ ሲይዛቸው ነው።» በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አንዴም ቢሆን በባለሙያ የታዩት ነፍሰ ጡሮች ከመቶ 74 ሲሆኑ፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43 ብቻ ነበሩ። ያቺን መስኮት ካየሁ ወዲህ አይገርመኝም።

ቀጣዩ ቀጠሮዋ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ከዚያ በፊት እበራለሁ። እናቴን «ይዘሻት ሂጂ፣ መስኮቱ ጋ ግን አንቺ ተናገሪ» ብያታለሁ።