አውቶማቲኳን ማኑዋል ማስደረግ ይሻላል ወይስ ከፋብሪካ ማኑዋል የወጣችውን መግዛት?

ስፖርት መኪና የሚወድ ሰው ገበያ ሲወጣ ደጋግሞ የሚገጥመው ነገር አለ። የሚፈልጋት ሞዴል ትገኛለች። ቀለሟ ያምራል፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ዋጋዋም አይከፋም። በሩን ሲከፍት ግን ፔዳሉ ሁለት ብቻ ነው። ያኔ "ግድ የለም፣ ገዝቼ ማኑዋል አስደርጋታለሁ" የሚል ሐሳብ ብልጭ ይላል።

ሐሳቡ እብደት አይደለም። አስቀይረው የተደሰቱ ብዙ ናቸው። ግን ምርጫው "ላስቀይር ወይስ ልተው" ብቻ አይደለም። ራስ ማስቀየር አለ፣ ከፋብሪካ ማኑዋል ሆና የወጣችውን ፈልጎ መግዛት አለ፣ ሌላ ሰው ያስቀየራትን መግዛት አለ፣ አውቶማቲኳን እንዳለች መንዳትም አለ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ያው ሞዴል ከፋብሪካ በማኑዋል ከወጣና ገበያ ላይ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱን መግዛት ያዋጣል። ማስቀየር የሚያዋጣባቸው መኪኖች ጥቂት ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ የሚገባን ደግሞ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ስናይ ነው።

የሚቀየረው ካምቢዮ ብቻ አይደለም

ሥራውን የሚያቃልሉ ሰዎች "አንዱን ካምቢዮ አውርዶ ሌላውን መግጠም" አድርገው ያስቡታል። ኧረ የት ተደርሶ! የሞተሩን ኃይል በፈሳሽ ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተርና ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያያዘው ስስ ሳህን ይወጣሉ። በምትካቸው ቮላኖ የሚባለው ከባድ ሳህን፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው ይገባሉ። ከውስጥ የፔዳሎቹ መያዣ እንዳለ ይቀየራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን የሚገፋው የፍሪሲዮን ማስተር ሲሊንደርና እስከ ካምቢዮው የሚዘልቅ የፈሳሽ ቱቦም ይጨመራል። የማርሽ ዘንጉ የሚወጣበት ቀዳዳ ከአውቶማቲኩ ቦታ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ ወለሉ ይቆረጣል። ካምቢዮውን ከስር የሚደግፈው ብረት ቦታው ይለያል። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም ርዝመቱ ካልገጠመ ሌላ መፈለግ ወይም ማስተካከል ግድ ነው።

ይህ ሁሉ በዝርዝር ሊጻፍና ሊገዛ ይችላል። ሰው የሚቸገረው ዝርዝር ላይ በማይጻፉት ነው።

ለምሳሌ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ኩሽኔታ አለች። የማኑዋል ካምቢዮው መግቢያ ዘንግ አፍንጫው የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። አውቶማቲክ ይህችን አይፈልግም። ስለዚህ ለአውቶማቲክ ተብለው በተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች ላይ የኩሽኔታዋ ቦታ ጨርሶ አይቦረቦርም። ይህን ቀድሞ ያላጣራ ሰው የሚያውቀው ካምቢዮው ተንጠልጥሎ ሊገጠም ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ያለው አማራጭ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ሌላው ቤል ሃውሲንግ የሚባለው፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያጋጥመው ሽፋን ነው። በተለይ ለብቻው የሚፈታ ሲሆን፣ መሃሉ ከክራንክ ሻፍቱ መሃል ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ካምቢዮዎቹ በብዙ ስፖርት መኪኖች ላይ የሚገኙት ትሬሜክ የተባለው ኩባንያ የሚፈቅደው መዛነፍ 0.005 ኢንች ነው፤ ወደ 0.13 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህ በዓይን አይታይም። ዳያል ጌጅ በሚባል ባለ ቀስት መለኪያ ይለካል። ካልተለካ ማርሹ ይከብዳል፣ ኩሽኔታው ቶሎ ይበላል፣ ጥፋቱም በካምቢዮው ይሳበባል። ስለዚህ መካኒኩን "በጌጅ ትለካዋለህ ወይ?" በሉት። ፊቱን ካጨፈገገ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይመጣል። ተጀምሮ የሚቀር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው።

አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው አይሠራም። ካምቢዮው ሲወጣ ያ ማብሪያ ማጥፊያም አብሮ ይወጣል። የቸኮለ መካኒክ ሁለቱን ገመድ አገናኝቶ በቴፕ ይጠቀልለዋል። መኪናዋ ትነሳለች፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ግን ማርሽ ውስጥ እንደገባች በቆመችበት አንድ ሰው በመስኮት እጁን ሰድዶ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሪኖው ብቻውን መኪናዋን ወደፊት ያስዘልላታል። ፊት ለፊቷ ግድግዳ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ትክክለኛው ሥራ ገመዱን በፍሪሲዮን ፔዳሉ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ማሳለፍ ነው። ክፍሉም ቀላል ነው፣ ሥራውም አጭር። የኋላ ማርሽ መብራትም እንደዚሁ ገመዱ ወደ አዲሱ ካምቢዮ መዞር አለበት።

ኮምፒውተሩ የሚያስቸግረው እንደ መኪናዋ ዕድሜ ነው። በቆዩት ላይ የካምቢዮው ኮምፒውተር ሲነቀል ሞተሩ ብዙም አይከፋውም። በአዳዲሶቹ ላይ ግን ሞተሩ፣ ኤቢኤሱ፣ የመንሸራተቻ መቆጣጠሪያውና ካምቢዮው በአንድ መስመር ያወራሉ። አንዱ ድምፁን ሲያጠፋ ሌሎቹ ያኮርፋሉ። ዳሽቦርዱ በመብራት ይሞላል፣ ሞተሩ ኃይሉን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አልነሳም ይላል። እዚህ ላይ ከመካኒኩ ይልቅ ፕሮግራም የሚያደርገው ሰው ይበልጥ ያስፈልጋችኋል።

የዲፈረንሻሉን ጥርስም አትርሱ። ፋብሪካው ራሱ ለማኑዋል ሲል ይለውጠዋል። ቶዮታ ጂአር ሱፕራን በ2019 ሲያወጣ አውቶማቲክ ብቻ ነበረች። ለ2023 ሞዴል ማኑዋል ሲጨምርላት የመጨረሻውን የጥርስ ምጣኔ ከ3.15 ወደ 3.46 ነው የቀየረው። ካምቢዮውን ብቻ ቀይሮ የድሮውን ዲፈረንሻል የተወ ሰው መኪናዋ አልነቃ ብትለው አይገረም።

ፍጥነት ፈልጋችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ

የዛሬ አውቶማቲክ ከማኑዋል ይፈጥናል። ክርክሩ አብቅቷል። ፖርሼ በ2013 ያወጣው 911 ጂቲ3 ፒዲኬ በተባለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ ነበር የሚሸጠው። ደንበኛው ስላጉረመረመ በ2017 ማኑዋሉ ተመለሰ። በፖርሼ በራሱ ቁጥር ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ማኑዋሏ 3.9 ሰከንድ ሲፈጅባት ፒዲኬዋ በ3.4 ትጨርሳለች። ማኑዋሏ በ17 ኪሎ ትቀላለች፣ ግን አልረዳትም። ሆኖም እያወቁ ዝግተኛዋን የመረጡ ገዢዎች ብዙ ነበሩ። ማኑዋል የሚገዛው ለግራ እግርና ለቀኝ እጅ ሥራ ለመስጠት ነው። ያ ካላጓጓችሁ አውቶማቲኳን ይዛችሁ ዘይቷን በጊዜው ቀይሩላት።

የትኛዋ መኪና ታዋጣለች?

መቀየር በጣም የሚያምርባቸው ለስማቸው አውቶማቲክ የተባሉ፣ ውስጣቸው ግን ማኑዋል የሆኑት ናቸው። ከ2000 እስከ 2006 የተሠራችው ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ኢ46 በኤስ ኤም ጂ ካምቢዮ ስትመጣ፣ ከስር ያለው ከማኑዋሏ ጋር አንድ ዓይነት ጌትራግ የተባለው ኩባንያ የሠራው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚያስገባው የዘይት ፓምፕና ኤሌክትሮኒክሱ መሆኑ ነው። ያ ፓምፕ በዕድሜ ይደክማል፣ ሲሞት ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ "ፓምፑን ላሠራ ወይስ ነቅዬ ፔዳል ላስገባ?" የሚለው ጥያቄ ትርጉም አለው። ዘንጉ፣ ዲፈረንሻሉና ቦታው ሁሉ ይገጥማል፤ ኮምፒውተሩም "ማኑዋል ነህ" ቢባል ቋንቋውን ያውቀዋል። ያው ታሪክ በፌራሪ 360 ሞዴናና ኤፍ 430 ላይም አለ። ኤፍ 1 የሚባለው ካምቢዮአቸው በዘይት ግፊት የሚሠራ ማኑዋል ነው። ከፋብሪካ በፔዳል የወጡት ጥቂት ስለሆኑ የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ማስቀየር የሚያዋጣውም ለዚያ ነው። ሲኤስኤል የተባለችውን የኤም 3 ልዩ ስሪት ለመቀየር የሚያስብ ካለ ግን እጁን ይሰብስብ። እሷ ከፋብሪካ የወጣችው በኤስ ኤም ጂ ብቻ ነው፤ እንደወጣች ትቆይ።

ቶዮታ ሱፕራ ኤ80 መካከል ላይ ናት። በቱርቦዋ ማኑዋል ላይ ያለው ጌትራግ ቪ160 እንደ ብርቅ ስለሚታይ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ብዙዎች ከቀድሞዋ ሱፕራ የመጣውን ባለ አምስት ማርሽ አር154 ወይም በማጋጠሚያ ሳህን የኒሳንን ሲዲ009 ካምቢዮ ያስገባሉ። ይሠራል፣ ጠንካራም ነው። ነገር ግን "እንደ ፋብሪካው" ብላችሁ ልትሸጧት አትችሉም።

ኒሳን 350ዜድ? አታስቀይሩ። ማኑዋሏ በየቦታው አለች። አውቶማቲኳን ሸጣችሁ ያቺን ግዙ።

ከፋብሪካ በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ የተሠሩት ደግሞ የሚነኩ አይደሉም። ኒሳን ጂቲ-አር አር35 ካምቢዮዋ ከኋላ ነው፣ ከአራቱ ጎማ ድራይቭ ጋር ተቆላልፏል። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ የሆነው ኮርቬት ሲ8ም በማኑዋል ተሠርታ አታውቅም። እነዚህን መንካት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሌላ ሰው ያስቀየራትን ስትገዙ

በደንብ የተሠራች ከተገኘች ከሁሉም የምትሻለው ይህች ልትሆን ትችላለች። የቀድሞው ባለቤት ያወጣውን ሁሉ በሽያጭ አያስመልስም፣ ትርፉ የእናንተ ነው። በደንብ ካልተሠራች ግን የሰው ራስ ምታት ነው የምትገዙት። ሳይቃጠል በቅጠል፣ እነዚህን እዩ።

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ቁልፉን አዙሩ። ያው ሞዴል ከፋብሪካ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሳ ሆኖ ይህች ከተነሳች፣ ያ በቴፕ የተጠቀለለ ገመድ አለ ማለት ነው። ገመዱ ብቻውን ትንሽ ጥፋት ነው፣ ግን የተቀረው ሥራ እንዴት እንደተሠራ ይናገራል። ከዚያ ወደኋላ ማርሽ አስገቡና መብራቱን ሰው ይይላችሁ።

ስትነዷት የዳሽቦርዱን ፍጥነት ከስልካችሁ ጂፒኤስ ጋር አስተያዩ። በብዙ መኪኖች ላይ የፍጥነት ምልክቱ የሚመጣው ከካምቢዮው ነው፤ ካልተስተካከለ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። እሱ ከዋሸ የተጓዘችው ኪሎ ሜትርም አይታመንም። ፍጥነት ስትጨምሩ ከወለሉ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ካለ የዘንጉ ርዝመት ወይም ማዕዘን አልተስተካከለም። ፍሪሲዮኑን ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ማስተር ሲሊንደሩ የታሰረበትን ብረት ይመልከት። ብረቱ አብሮ የሚታጠፍ ከሆነ ድጋፍ አልተሠራለትም፤ ቆይቶ ይሰነጠቃል።

መኪናዋን ከፍ አድርጋችሁ ከስር እዩ። የካምቢዮው ድጋፍ በብሎን ነው የታሰረው ወይስ በብየዳ ተለጣጥፎ? በመጨረሻ በኮምፒውተር አስመርምሯት። "ካምቢዮው አይመልስልኝም" የሚል ኮድ ከተደረደረ ፕሮግራሙ አልተነካም።

ሒሳቡ

ቀላል ነው። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ ያው ሁኔታ ላይ ያሉ አውቶማቲክና ማኑዋል መኪኖችን ዋጋ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ማስቀየሪያው ከሚፈጀው ካነሰ ማኑዋሏን ግዙ። ከበለጠ ማስቀየር ያስኬዳል። ማስቀየሪያውን ስታሰሉ የፕሮግራሙን፣ የዲፈረንሻሉን፣ የአዲስ ፍሪሲዮኑንና መኪናዋ ጋራዥ ስትቆም የምትከራዩትን ጭምር ደምሩ። የወጣውን አውቶማቲክ ካምቢዮ የምትሸጡ ከሆነ ቀንሱ። እኔ ግን ብርቅ በሆነች መኪና ላይ አልሸጠውም፤ ቀጣዩ ገዢ ወደ ፋብሪካ ሁኔታዋ መመለስ ሊፈልግ ይችላል። የተቀየረች መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከአውቶማቲኳ በላይ፣ ከፋብሪካ ማኑዋሏ በታች ትሸጣለች። ስለዚህ ማስቀየር የሚጠቅመው ይዞ ለሚቆይ ሰው ነው። ኢንሹራንሱንም አሳውቁ፤ በአደጋ ቀን "ይህች መኪና በመዝገባችን አውቶማቲክ ናት" መባል ደስ አይልም።

ለማስቀየር ከወሰናችሁ ክፍሎቹን ከተለያየ ቦታ አትልቀሙ። ከአንዲት ማኑዋል መኪና ላይ፣ ከፔዳል መያዣው እስከ ትንሿ ብሎን፣ ሙሉውን አንድ ላይ ግዙ። ያገለገለ የማይገዛው ዲስኩ፣ ኩሽኔታዎቹና ጎሚኒዎቹ ናቸው፤ እነሱ አዲስ ይሁኑ። ሁሉም ክፍል ጋራዡ ወለል ላይ ተደርድሮ ሳታዩ መኪናዋን አታስፈቱ። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ አዲሱ ፍሪሲዮን እስኪላመድ የመጀመሪያውን 800 ኪሎ ሜትር ያህል በረጋ መንፈስ ንዱ፤ ከዚያ ከስር ገብታችሁ ብሎኖቹንና የፈሳሽ ልቅቆችን ደግማችሁ አስፈትሹ።