ለመድረክ ቨርቹዋል ኢንስትሩመንት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ላይሰንሱን እዩ

ላፕቶፕ ይዛችሁ መድረክ ላይ ኪቦርድ የምትጫወቱ፣ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ቨርቹዋል ኢንስትሩመንት ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ላይሰንሱ ደግሞ እሱን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ሰሞኑን በየቦታው የሚዞር አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ብራስ፣ ስትሪንግ፣ ሲንት፣ ሁሉም በአንድ ጥቅል። ዋጋው በግማሽ ተቀንሷል፣ ቅናሹም ዛሬ ማታ ያበቃል ይላል። ድምፁን ስትሰሙት ልብ ይማርካል። ድምፁስ እውነት ነው። ጣጣው ያለው ማስታወቂያው ዝም ባለበት በኩል ነው።

እኔ የገዛሁት ጥቅል ቤት ውስጥ ምንም እንከን አልወጣለትም። ልምምድ ላይም እንደዚያው። ዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ላፕቶፑን ስከፍት በፒያኖው ፋንታ ላይሰንስ ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝ የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ ወዲያ ንክች የለም። በስልክ ዳታ አገናኝቼ እስኪከፈት ድረስ ባንዱ የመጀመሪያውን ዘፈን ያለ ኪቦርድ ተጫወተ። ለሻጩ ስጽፍለት፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው ላይሰንሱን እንደሚያጣራ ስምምነቱ ውስጥ ተጽፏል አለኝ። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው ደግሞ አንዴ አክቲቬት የተደረገ (በላይሰንሱ የተከፈተ) አይመለስም ተባልኩ። ይህ በደል ነው። ዕቃውን "ለላይቭ የሚሆን" ብሎ የሸጠ ሰው፣ ያለ ኢንተርኔት እንደማይከፈት እዚያው ከዋጋው አጠገብ መጻፍ ነበረበት።

ስለዚህ ከድምፁ በፊት ላይሰንሱ በምን መንገድ እንደሚሠራ ጠይቁ። አንዳንዱ ቁጥር አስገብታችሁ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ዳግመኛ ምንም አይጠይቅም። ለመድረክ ከዚህ የተሻለ የለም። አንዳንዱ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይታሰራል። ኮምፒውተሩ በዝግጅቱ ዋዜማ ቢበላሽ የጓደኛችሁን ላፕቶፕ ተውሳችሁ መጫወት አትችሉም፤ ቢያንስ ኩባንያው ላይሰንሱን እስኪፈታላችሁ ድረስ። ብዙ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት አይሎክ የተባለው የላይሰንስ መቆጣጠሪያ ደግሞ ላይሰንሱን በሦስት ቦታ ማስቀመጥ ይችላል፤ በዩኤስቢ ቁልፍ፣ በራሱ በኮምፒውተሩ፣ ወይም በክላውድ (በኢንተርኔት ላይ)። ክላውዱ እየሠራችሁ ሳለ ኢንተርኔት እንዲኖራችሁ ይፈልጋል። ለመድረክ አይሆንም፣ በቃ። ዩኤስቢው ወደ ሌላ ላፕቶፕ ስለሚዛወር ይሻላል፤ ግን ከጠፋ ወይም ቤት ከተረሳ ድምፅ የለም። ሦስቱንም አማራጭ የሚፈቅደው አይሎክ ራሱ ሳይሆን ፕላግኢኑን (የድምፁን ፕሮግራም) የሠራው ኩባንያ ስለሆነ፣ የምትገዙት ዕቃ የትኛውን እንደሚቀበል ለይታችሁ ጠይቁ።

በወርሃዊ ክፍያ (ሰብስክሪፕሽን) የሚሸጥም አለ፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ካርዳችሁ አንድ ወር ባይሠራ ዘፈኖቻችሁን ያዘጋጃችሁበት ድምፅ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ደንቡ ከእግራችሁ ሥር ሊቀየርም ይችላል። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ዌቭስ የተባለው ታዋቂ የፕላግኢን ኩባንያ ከእንግዲህ የምሸጠው በሰብስክሪፕሽን ብቻ ነው ብሎ አወጀ። ተጠቃሚው ተንጫጫበት፤ ኩባንያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ የቀድሞውን ሽያጭ መለሰ። መልካም ነው፤ ግን ሁሉም እንዲህ ይሰማል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ኮንታክት የተባለው የሳምፕል ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ የሳምፕል ላይብረሪዎች (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስቦች) የሚሠሩት በሚከፈልበት ሙሉው ኮንታክት ነው። ነፃው ኮንታክት ፕሌየር እነዚህን ይከፍታል፣ ግን በዲሞ ብቻ፤ 15 ደቂቃ ሲሞላ ይቆማል። ቤት ውስጥ ለሙከራ የከፈተ ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል። መድረክ ላይ ግን ዘፈኑ መሃል ላይ ድምፁ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ሻጩ "ኮንታክት ያስፈልጋል" ብሎ ከጻፈ የትኛው ኮንታክት እንደሆነ በግልጽ ይንገራችሁ። ሜይንስቴጅ ለተባለው የመድረክ ፕሮግራም ተብለው የሚሸጡ ፓቾችም (የተዘጋጁ የድምፅ ቅንብሮች) እንዲሁ ናቸው። ሜይንስቴጅ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ያለው ሰው ገዝቶ ምንም አያደርግበትም። ማክ ቢኖራችሁም ፓቹ የሚጠራቸው ፕላግኢኖች ከሌሏችሁ ግማሹ ድምፅ አይወጣም። እነሱን ለብቻ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው።

አሁን ስለ መዘግየት፣ ማለትም ላተንሲ። የማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ የምትሰሙት ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ተቀድቶ የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ለማስላት የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዷል። እናንተ ግን ቁልፉን ስትነኩ ድምፁ ወዲያው ያስፈልጋችኋል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (እዚህ ላይ ጥቃቅን የድምፅ ቁራጭ ማለት ነው) በሚሠራ ሲስተም ባፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት በአንዴ የሚያጠራቅመው የሳምፕል ብዛት፣ 128 ከሆነ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። 512 ከሆነ ወደ 12፣ 1,024 ከሆነ ወደ 23 ሚሊሰከንድ። ይህ ባፈሩ ብቻ ነው፤ ሌላው መዘግየት ከላዩ ይደረባል። ሃያን ሲያልፍ ጣት ከከበሮው ጋር አልገጥም ይላል፣ በተለይ ፈጣን ዘፈን ላይ። ከባድ ላይብረሪ ደግሞ ባፈሩን ዝቅ ስታደርጉበት ድምፁ ይቆራረጣል። "አነስተኛ መስፈርት" ተብሎ የተጻፈው ላፕቶፕ ፕሮግራሙን ሊከፍተው ይችላል፤ ፔዳል ረግጣችሁ በሁለት እጅ ኮርድ ስትጫኑ ይችለዋል ማለት ግን አይደለም። ፔዳል የተረገጠበት ፒያኖ ያልጠፉትን ድምፆች ሁሉ ይዞ ስለሚቆይ ፕሮሰሰሩ ላይ ይከምራል። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ መዘግየትን የሚቀንሰው አዚዮ የተባለ ድራይቨር ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዝ የድምፅ ማስገቢያና ማውጫ ዕቃ) ያስፈልጋችኋል። የእሱን ወጪ ቀድማችሁ ደምሩት።

ዋጋው ከበደኝ ብሎ ወደ ክራክ፣ ማለትም ወደ ተሰረቀ ቅጂ፣ የሚሄድ ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት። ነገሩ የሕግ ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ላውድማይነር ብሎ የሰየመውን ተንኮል አዘል ፕሮግራም አጋልጧል። ፕሮግራሙ በተሰረቁ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ውስጥ ተደብቆ በዊንዶውስም በማክም ላይ በድብቅ ክሪፕቶከረንሲ ያመርት ነበር። የሙዚቃ ሶፍትዌር የተመረጠበት ምክንያትም ይገባል። የእኛ ኮምፒውተሮች ጉልበት አላቸው፤ ፕሮሰሰሩ ቢጨናነቅም ማንም አይጠራጠርም። መድረክ ላይ ድምፁን የሚቆራርጠው እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል።

የቆዩ ፕላግኢኖችን ከሰው ስትገዙም ተጠንቀቁ። የማክ ሲስተም የሆነው ማክኦኤስ ካታሊና በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመጣ በአሮጌው 32 ቢት አሠራር የተሠሩ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁሟል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ የቆየ ፕላግኢን በእሱ ላይ አይከፈትም። ደግሞ ላይሰንሱ ከሻጩ ወደ እናንተ ስም መዛወር ካልቻለ የገዛችሁት ነገር የለም። አንዳንድ ኩባንያ ዝውውር ጭራሽ አይፈቅድም፣ አንዳንዱም ያስከፍልበታል። ኩባንያው ዝውውሩን ሳያረጋግጥላችሁ ብር አትስጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት የሙከራ ቅጂ ጠይቁ። ጫኑት፣ ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና ላፕቶፑን አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት። መድረክ ላይ በምትጠቀሙበት ባፈር፣ በሁሉም ድምፆች፣ ፔዳሉን እየረገጣችሁ የአንድ ሙሉ ዝግጅት ያህል ተጫወቱበት። በማግስቱም ኢንተርኔቱን ሳትከፍቱ ድገሙት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ማጣሪያ የሚመጣው ቆይቶ ነው። የሙከራ ቅጂ የለንም ካሏችሁ ሻጩን በጽሑፍ እነዚህን ጠይቁት፦ ያለ ኢንተርኔት ስንት ቀን ይሠራል? ስንት ኮምፒውተር ላይ ይጫናል? ካልሠራልኝ ገንዘቤን ትመልሳላችሁ? መልሱ ካልመጣ ቅናሹ ይለፋችሁ፤ ተመሳሳይ ቅናሽ በቅርቡ ይመለሳል።